የመምህር አየነው እጅ

«አላነበውም አልኩህ እኮ! ስንት ጊዜ ልበልህ?»

«አንጓች፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሌላውን ሁሉ እንደ ውኃ አፍስሰሽው እዚች ላይ ምን ነካሽ?»

«አንዲትም ትሁን ግማሽ፣ አላነበውም። ከፈለግህ ያ እጅህ ይጻፈው። እኔ ድምፄን አላወጣበትም።»

«እጁ እየጻፈ ድምፅ ከጠፋ ሰው ስፒከሩ የተበላሸ ነው የሚመስለው። ድምፁና ጽሑፉ እኩል መሄድ አለባቸው። የሥራው ሕግ ነው!»

«የማን ሕግ? ትናንት ከኢንተርኔት ያወረድከው ሕግ?»

ጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር። አንጓች ስትናደድ ዕቃ በቀስታ ነው የምታስቀምጠው።

ደብረ ማርቆስ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነን። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ለብጬዋለሁ፤ የባጃጅ ጥሩምባን ግን ብርድ ልብስ አያቆመውም። የምንሠራው ያኔ ለከተማችን አዲስ የነበረ ነገር ነው፤ ነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ እጅ እየመጣ የሚጽፍበትና የሚሥልበት፣ ከኋላ ድምፅ የሚተርክበት ቪዲዮ። አይታችሁ ይሆናል። ማንም አላስተማረኝም። ሶፍትዌሩ ፊደላችንን አልቀበልም ስላለኝ እያንዳንዱን ቃል እንደ ሥዕል አድርጌ ነበር የማስገባለት። መጀመሪያ ድምፁን እቀዳለሁ። ከዚያ «ተወለዱ» የሚለው ቃል በጆሮ ተሰምቶ ሲያልቅ እጁም «ተወለዱ» ብሎ ጽፎ እንዲጨርስ በማውስ እየሳብኩ አሳጥራለሁ፣ አስረዝማለሁ። ድምፁ ከቀደመ ተመልካቹ የሚያነበው ይጠፋዋል፤ ጽሑፉ ከቀደመ የሚሰማው ይሰለቸዋል። ይኼን ለማስተካከል ቀኑን ሙሉ እቀመጥ ነበር፤ ሌላ ቦታ መቀመጥ የማልችለው ሰውዬ።

ገጣሚም ነበርኩ። ገጣሚ ነኝ የምለው እኔው ራሴ ነበርኩ ብል ይሻላል። ትምህርቱ ከአሥረኛ ክፍል ወዲያ አልሆነልኝም፤ ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ ያገኘሁትን በማንበብ ራሴን አስተማርኩ። ሰው ሲያወራ ከወሬው ይልቅ ስንኙ ነበር የሚሰማኝ። የሰው ጫማ፣ የሰው እጅ፣ ሰው የሚሸሽገው ነገር ቶሎ ይታየኛል። አይቶ ማለፍን ግን አላውቅበትም ነበር።

በዚያ ሰሞን የያዝነው ሥራ አምበር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለመምህር አየነው የጡረታ ሽኝት ያዘዘው ነው። የሽኝቱ ኮሚቴ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፎ ሰጠኝ፤ እኔ አሳመርኩት። «መምህር አየነው ሲጽፉ አይናገሩም፤ እሳቸው ጽፈው ዝም ይላሉ፣ ልጆች ያነባሉ፤ ልጆች ሲያነቡ ነው ትምህርቱ የሚጀመረው» የሚለው አንቀጽ የእኔ ነው። ኮሚቴው በአንድ ደረቅ መስመር የጻፈውን የማስተማር ዘዴያቸውን እኔ አለሰለስኩት። ይኼን ልብ በሉልኝ። እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።

እጁም የእኔ ሐሳብ ነበር። ሶፍትዌሩ ይዞት የሚመጣው የፈረንጅ እጅ ነው። እሱን ትቼ አምበር ድረስ ሄድኩና የመምህሩን እጅ ጠመኔ እንደያዘ ፎቶ አነሳሁት። «እንግዲህ ይቺ እጅ እኔ ካረፍኩ በኋላም ልትጽፍ ነው በለኛ!» ብለው ሳቁ። ረጃጅም ጣቶች ናቸው፤ በጥፍሮቻቸው ሥር የጠመኔ ብናኝ ገብቶ ቀርቷል።

አንጓች የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነበረች፣ የደምበጫ ልጅ። በኮሌጁ ሚኒ ሚዲያ ስታነብ ሰምቼ ለምኜ ነው ያመጣኋት። አባቷ አያ ልየው ጋሪ ነጂ ናቸው። ፊደል ስለማይለዩ ሁልጊዜ በስልክ ነው የምታወራቸው፤ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ላይ ሳቅ ይቀራል።

አላነብም ያለችው ዓረፍተ ነገር ይኼ ነው፦ «መምህር አየነው የሦስት ልጆች አባት ናቸው፤ እነሱም ሰላማዊት አየነው፣ ዮናስ አየነውና ሕሊና አየነው ይባላሉ።»

«ምኑ ነው ያስቸገረሽ?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ውሸት ነው።»

«ምኑ?»

«ሦስት አይደሉም።»

ወደ በሩ አየች። ዝግ ነው።

«ጀማሪ አስተማሪ ሆኖ ደምበጫ ተመድቦ ነበር» አለች። «እነ እናቴ ግቢ ነው የተከራየው። ሲዛወር እናቴ እኔን በሆዷ ይዛ ቀረች። እናቴ ልትሞት ስትል ነው የነገረችኝ፤ ለአባዬ ትንፍሽ እንዳልል አስምላ።»

«አባዬ ማለት…»

«አባቴ ነዋ! ልየው! ሌላ ማን አለኝ?» ተቆጣች። «በጋሪ ነው ያሳደገኝ። ዝናብ ሲሆን ፈረሱን ትቶ እኔን ነበር የሚያለብሰው። ይኼን ቢሰማ… አይሰማም። በቃ፣ አይሰማም።»

«ታዲያ ሥራውን ለምን ተቀበልሽ? የማን እንደሆነ ስታዪ አይሆንም አትይም ነበር?»

የማይክራፎኑን ስፖንጅ በጣቷ ትነካካለች።

«ያ ሰውዬ ስናገር ሰምቶኝ አያውቅም» አለች። «ማርቆስ ገበያ ላይ አልፎኝ ያውቃል፤ ማን እንደሆንኩ ይወቅ አይወቅ እንጃ። አንድ ቀን እሱ ተቀምጦ እኔ ልናገር። ማን ናት አይበል፣ አያልቅስ፣ ምንም አይሁን። ይስማኝ ብቻ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ያቺን ውሸት ግን በእኔ አፍ አታናግረኝ።»

ተሸነፍኩ። በዚያች መስመር ላይ እጁ ስሞቹን ይጻፍ፣ እሷ ዝም ትበል ተባባልን። ቀሪውን አነበበችልኝ፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«መጨረሻው ላይም ‹ተራኪ› ምናምን ብለህ ስሜን እንዳትጽፍ። የትም ቦታ። አባዬም ድምፅሽን በትልቅ ስፒከር ልስማ ብሎ ይመጣል፤ ከሱ ጋር ጥግ ላይ ነው የምቀመጠው። ማልልኝ።»

«እሺ አልኩሽ።»

«ማልልኝ!»

«ማርቆስን!» አልኳት።

ኮሚቴው አይቶ «እሰይ!» ያለው ቪዲዮ ቃሌን የጠበቀ ነበር። ሦስቱ ስሞች በዝምታ ይጻፋሉ፣ ከሥር ማሲንቆ አለ። ምክትል ርእሰ መምህሩ «እዚህ ጋ ድምፅ የላትም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ለክብር ነው» አልኩት። አመነኝ። ሰው ያልገባውን ነገር «ለክብር ነው» ስትሉት ያምናችኋል።

በሽኝቱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ያቺን ቦታ ደጋግሜ አየኋት። ድምፅ በኮምፒውተር ላይ ሲታይ እንደ ጮቄ ጋራዎች ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። የአንጓች ድምፅ እንዲያ እያለ ይመጣና እዚያ ሲደርስ ሜዳ ይሆናል። ልጅቱ አባቷ ፊት አባቷን አሞግሳ፣ የራሷ ቦታ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። ይኼ ግጥም ነው አልኩ ለራሴ። የጎደለው ማሰሪያው ብቻ ነው።

ማሰሪያውን እኔ ጨመርኩት። «አንጓች አየነው» ብዬ ጻፍኩና ከሕሊና ሥር አስቀመጥኩት። «የሦስት ልጆች አባት» የሚለውን አጥፍቼ «ልጆቻቸው» አልኩ። ዝምታው ንጹሕ እንዲሆን ማሲንቆውንም ከዚያ ቦታ ላይ ቆረጥኩት። ከዚያ የመምህሩ እጅ፣ ያቺ ጠመኔ የያዘች እጅ፣ እየተንሸራተተች ስሟን ስትጽፍ አየሁና እንባዬ መጣ። አሁን ሳስበው ፊቴን የሚያግለኝ ከሁሉ በላይ ይኼ ነው። ያስለቀሰኝ ማማሩ እንጂ እሷ አልነበረችም።

መሐላው ትዝ አላለኝም አልልም። ትዝ ብሎኛል፤ መልስም አዘጋጅቼለት ነበር። ስሜን አትጻፍ ያለችው ስለ አያ ልየው ነው፤ አያ ልየው ደግሞ አያነቡም። ድምፅ ከሌለ ለእሳቸው ምንም አልተባለም። መምህሩ ያነባሉ፣ ልባቸው ይነካል። ሌላው እንግዳ ከልጆቻቸው አንዷ ናት ብሎ ያልፋል። ጽሑፉን ለሚያነበው፣ ዝምታውን ለማያነበው። ለሁሉም የየድርሻውን የሰጠሁ መሰለኝ፤ ደኅና እንቅልፍም ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት አያ ልየው ከደምበጫ መጥተው ከአንጓች ጋር ወደ ክፍሌ ገቡ። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። ጫማቸውም አዲስ ነው፤ የተዋሱት ይመስል እየተጠነቀቁ ይራመዳሉ።

«ኮምፒተር የምትጋልበው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«ነኝ አያ ልየው። እርስዎስ ፈረሱን ለማን ትተውት መጡ?»

«ዛሬ ዕረፍት ሰጠሁት። ልጃችን ልትናገር ነው ብለው ጆሮውን አቁሞ አየኝ። መምጣት አምሮት ነበር፣ ሚኒባሱ አልጭንም አለ እንጂ።»

«አባዬ፣ ተው አታሳፍረኝ» አለች አንጓች እየሳቀች። ያን ቀን ጠዋት ደስ ብሏት ነበር። ፀጉሯን ተሠርታለች።

አምበር በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ አያ ልየው ከእኔ ጎን ተቀመጡ። የላፕቶፑን ቦርሳ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ትንሽ እንደሄድን በጣታቸው ቦርሳውን ነካ አደረጉት።

«እዚህ ውስጥ ነው ያለችው?»

«ማን?»

«ልጄ ናታ። ድምጿ።»

«አዎ፣ እዚህ ውስጥ ነው።»

«እንዳትንገላታብኝ» አሉና፣ መንገዱ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር እጃቸውን ቦርሳው ላይ ጣል እያደረጉ አምበር ደረስን። በዚያ መንገድ ላይ ቦርሳውን ከፍቼ ያን ስም ማጥፋት እችል ነበር። አንድ ጊዜ ዚፑን ጀምሬው ነበር። «ምን ልታሳየኝ ነው?» ሲሉኝ መልሼ ዘጋሁት።

አዳራሹ ሞልቷል። መስኮቶቹ በሸራ ተሸፍነዋል፤ ፊት ለፊት ነጭ አቡጀዲ ተወጥሯል። ቀሳውስቱና የአገር ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ወላጆች ከኋላ፣ መምህር አየነው ከባለቤታቸውና ከሦስቱ ልጆቻቸው ጋር መሐል ላይ። አንጓችና አያ ልየው ከኋላ፣ ከስፒከሩ አጠገብ። እኔ ፕሮጀክተሩ ዘንድ ነኝ። ተማሪዎቹ ይመጣሉ ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ልጀምር ስል በሩ ተከፈተና የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት በሰልፍ ገብተው ከሁሉ ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ አፍንጫቸው አቡጀዲውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

መብራቱ ጠፋ። ማሲንቆው ጀመረ። በመግቢያው ላይ ድምፅ የለም፤ እጁ ብቻ መጥቶ ርእሱን ይጽፋል። ሕፃናቱ እጁን አወቁት። የጠመኔ አያያዙን ሳይሆን አይቀርም። ርእሱ ተጽፎ እንዳለቀ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ባንድ ድምፅ አነበቡት፦

«የ-ጠ-መ-ኔ-ው አ-ባ-ት!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። መምህሩ ወደ ኋላ ተደግፈው ሳቁ።

እሳቸው ጽፈው ዝም ይላሉ፣ ልጆች ያነባሉ። ራሴ የጻፍኩት!

ከዚያ የአንጓች ድምፅ ገባ። ምን ልበላችሁ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሕፃናቱም ድምፅ ሲሰሙ ዝም አሉ፤ መምህር ሲናገር ዝም ነው የሚባለው። «ከአንድ ገበሬ ቤት ተወለዱ» ስትል እጁ ይጽፋል፤ ድምፁና ጽሑፉ እንደ ጥንድ በሬ እኩል ይሄዳሉ። ዞር ብዬ ሳይ መምህር አየነው ዓይናቸውን ከአቡጀዲው ላይ አንስተው ስፒከሩን ነበር የሚያዩት። አያ ልየው ደግሞ አጠገባቸው ላለው ሰው ሁሉ በክርናቸው እየጎነተሉ፣ ከንፈራቸው ይነበበኛል፦ «የኔ ልጅ ናት። የኔ።»

ያቺ መስመር እየመጣች ነው። ማቆም እችላለሁ። አንድ ቁልፍ ነው። ጣቴን አስቀመጥኩበት። ባቆመው ሰው ምን ይላል? ሥራው ተበላሸ ይላል። ድምፁን ከፍ ላድርገውና ማሲንቆው የሕፃናቱን ንባብ ይሸፍንልኝ አልኩ። ከፍ አደረግኩት። ማሲንቆውን ከዚያ ቦታ ላይ የቆረጥኩት እኔ መሆኔን ረስቼ።

የአንጓች ድምፅ ቆመ። ማሲንቆውም ቆመ። እጁ መጣ፤ «ልጆቻቸው» ብሎ ጻፈ፤ ወረደና «ሰላማዊት አየነው» አለ።

«ሰ-ላ-ማ-ዊ-ት አ-የ-ነ-ው!» አሉ ሕፃናቱ።

ሰው ሳቀ። መምህሩ ልማዳቸው አሸነፋቸው መሰለኝ ብድግ አሉና እንደ ክፍል ውስጥ እጃቸውን አንስተው «ድገሙት!» አሉ።

«ሰ-ላ-ማ-ዊ-ት አ-የ-ነ-ው!»

አዳራሹ ፈነዳ። ጭብጨባ፣ እልልታ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ትከሻዬን መታ አደረገኝ፦ «አንተ! ይኼንንም አስበህበት ነው?» ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ አስቤበት ነው እንደማለት። የሳቁ ባለቤት እኔ ሆንኩ፤ ጣቴም ከቁልፉ ላይ ተነሳች።

ዮናስ ተነበበ፣ ተደገመ። ሕሊና ተነበበች፣ ተደገመች። መምህሩ እንደ ዜማ መሪ ቆመዋል፤ ፊታቸው ወደ ሕፃናቱ ነው፣ አቡጀዲውን አያዩም። እጁ አንድ መስመር ወረደ።

«አ-ን-ጓ-ች…»

አያ ልየው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ፊታቸው በራ። ሕፃናቱ ስላነበበችላቸው ሊያመሰግኗት ስሟን የሚጠሩ መስሏቸው ነው። ድምፃቸው እኔ ጋ ድረስ ተሰማ፦ «ስምሽን! ስምሽን እኮ ነው የሚጠሩሽ!»

«…አ-የ-ነ-ው!»

የመምህሩ እጅ አየር ላይ ቀረ። አሁን ዞረው አቡጀዲውን አዩ፤ የራሳቸው እጅ ጠመኔውን ይዛ ከስሙ ሥር ቆማለች። ሕፃናቱ የመምህራቸው እጅ እንደተነሳ ነው ያዩት። ድገሙት ማለት ነው። በሙሉ ኃይላቸው ደገሙት፦

«አ-ን-ጓ-ች አ-የ-ነ-ው!»

የሳቀ የለም። የመምህሩ ባለቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ባላቸውን ከታች ወደ ላይ አዩአቸው። ሦስቱ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ አያ ልየው ገና እንደቆሙ ነው፤ ሳቁ ፊታቸው ላይ አለ፣ ግን የሚይዘው አጥቷል። አንጓች ጋቢያቸውን ጫፉን ይዛ ቁጭ ብላለች። እኔን አይደለም የምታየው። ማንንም አታይም።

ከዚያ የአንጓች ድምፅ ከስፒከሩ ተመልሶ መጣ፣ እንደ ቀድሞው ያማረ፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ችግኞች መተረክ ቀጠለ። ምክትሉ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሰውም ተከተለው። እኛ አገር አሳፋሪ ነገር ሲመጣ በጭብጨባ ይሸፈናል። መብራት ሲበራ ከኋላ ሁለት ወንበሮች ባዶ ነበሩ።

ሰው ወደ ምሳው ሲወጣ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። መምህር አየነው ብቻቸውን መጡ። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ አልመቱኝም።

«እጄን ምን አደረግሃት?» አሉኝ።

«መምህር፣ እውነት ስለሆነ ነው…»

«እውነት መሆኑን ካንተ አልሰማም። ያን ስም መጻፍ የኔ ፈንታ ነበር። ጽፌው ብሞት፣ ሳልጽፈው ብሞት የኔ ነው። አሁን ብጽፈው ማን ያምነኛል? እሷስ ብትሆን?»

ሲጨንቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጨምራለሁ። «ያነበበችውም እሷ ናት» አልኳቸው። «ድምፁ የሷ ነው።»

ስፒከሩ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ለረጅም ጊዜ አላነሱትም።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ሲያልቅ ይቺ ልጅ የማን ናት፣ አምጡልኝ ልል ነበር።»

ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ ይኼን የምጽፍላችሁ ይቅር እንድትሉኝ አይደለም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለማ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቪዲዮ ሠርቻለሁ፤ ስለ ክትባት፣ ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ ወሊድ። ጽሑፍ ጸጥ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለሚያነበው ብቻ በጆሮው የሚነገር። እኛ አገር የተጻፈ ነገር ብቻውን አይቀመጥም። ለማያነበው የሚያነብለት አይጠፋም፤ ሲያነብለት ደግሞ ጮክ ብሎ ነው። አሁን የሠራሁትን ሁሉ ሰው ሳያይ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ በዚያ አዳራሽ ጥግ ለተቀመጡት ሰውዬ እንደማነብላቸው አድርጌ። በአፌ ልለው ያፈርኩትን በእጄ አልጽፈውም። የሰው ዝምታ ሳይ ደግሞ ክፍት ቦታ ነው ብዬ መግባት ትቻለሁ። ግጥሙንም ብዙውን ትቼዋለሁ። መምህር አየነው አንድ ቀን ደምበጫ ሲወርዱ ታዩ ይባላል። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ያምረኛል፤ ያ አመል ገና አልወጣልኝም።

አሁን ግን ከሽኝቱ በኋላ ወደነበረችው አንዲት ጠዋት ልመልሳችሁና ላብቃ። አንጓች ስልኬን አታነሳም። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በሩ ተንኳኳና አያ ልየው ገቡ። ጋቢው ያው አዲሱ ነው፣ ጫማው አሮጌ።

«ነጠላዋን እዚህ ረስታለች» አሉ። «እሷ አልመጣም አለች።»

ከወንበሩ ላይ አንስቼ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፣ ግን አልሄዱም።

«ያን ቀን መጨረሻውን አልሰማሁትም» አሉ። «ድምጿ አለህ?»

ድምፁን ብቻ ከፈትኩላቸው፣ ያለ ሥዕል። ነጠላዋን ጭናቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ድምፁ ቆመ። የመንገዱ ጫጫታ ገባ። አያ ልየው ቀና አሉ።

«እዚህ ጋ ነው?»

«አዎ።»

ድምፁ ተመለሰ። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«እሷማ ዝም ብላ ነበር» አሉ።

«አዎ አያ ልየው። ዝም ብላ ነበር።»

«እኔም ዝም ብዬ ነበር።»

አየኋቸው። «ያውቁ ነበር?»

«ጋሪ ነጂ ነኝ እንጂ ዕውር ነኝ? ሆዷ ገፍቶ ነው እናቷን ያገባኋት። እናቷ ለልጂቱ መንገሯን ነው ያላወቅሁ። ልጂቱም እኔ ማወቄን አታውቅም። እንዲህ ሆነን ደኅና እንኖር ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ማታ ስደውልላት ማን ቀድሞ እንደሚናገር እንጠባበቃለን። ሁለታችንም ስልኩን ይዘን።» ተነሱ። ነጠላዋን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉት።

«አያ ልየው» አልኳቸው፣ «ይቅርታ ልጽፍላት አስቤ ነበር። ያደርሱልኛል?»

በሩን ይዘው ቆሙ። ተቆጥተው ነው እንዳልል ድምፃቸው አልጨመረም።

«አትጻፍ» አሉኝ።

ወጡ። በሩን አላላተሙትም። ልጃቸው ስትናደድ እንደምታደርገው፣ በቀስታ፣ እስኪገጥም ድረስ ገፍተው ዘጉት።